«ክርስትና ወሲብን አቆሸሸው» ያለው ፉኮ ነው?

የጠያቂው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ፍልስፍና እወዳለሁ፤ የምከታተለው ግን በአብዛኛው በዩቲዩብ ነው። አንድ ቪዲዮ ላይ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ ‹ግሪኮችና ሮማውያን በወሲብ ጉዳይ ነጻ ነበሩ፤ ክርስትና መጥቶ ምኞትን ኃጢአት አደረገው፤ ዋናው ጥፋተኛም አውግስጢኖስ ነው› ብሏል ሲባል ሰማሁ። እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ በቅርቡም አገባለሁ። ነገሩ ረበሸኝ። እውነት ነው? የጥንት አባቶች ምኞት በራሱ ኃጢአት ነው ይሉ ነበር? እጮኛዬ ‹ተወው፣ ፈላስፋ ወሬ አያልቅበትም› ትለኛለች።»

ቪዲዮው ላይ የተባለውን ፉኮ አላለም። እንዲያውም የተከራከረው ከእንደዚህ ዓይነቱ ትረካ ጋር ነው። ክሱ ይበልጥ የሚመስለው የጀርመናዊውን ፈላስፋ የኒቼን አባባል ነው። ኒቼ በ1886 ባሳተመው መጽሐፉ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ክርስትና ኤሮስን (የግሪኮችን የፍቅር አምላክ) መርዝ አጠጣው፣ ኤሮስ ግን ወደ ብልግና ዘቀጠ እንጂ አልሞተም ብሎ ጽፏል። ተናካሽ አባባል ናት፤ ለመድገም ትመቻለች። ፉኮ ደግሞ በ1976 በወጣው የወሲብ ታሪክ የመጀመሪያ ቅጹ «ድሮ ነጻ ነበርን፣ ከዚያ ታፈንን» የሚለውን ተረክ ራሱን ነው የጠረጠረው። የታፈነ ነገር ይህን ያህል አይወራበትም አለ። ስለ ወሲብ ይህን ያህል እንድንናገር፣ እንድንመረምር፣ እንድንናዘዝ ያደረገን ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

ስለ ጥንት ክርስትና በስፋት የጻፈው በአራተኛው ቅጽ፣ «የሥጋ ኑዛዜዎች» በሚለው ነው። የዚህ መጽሐፍ ታሪክ ራሱ ለብዙ ስህተት በር ከፍቷል። ፉኮ ረቂቁን ለአሳታሚው ለጋሊማር የሰጠው በ1982 ነው። ከዚያ ስለ ግሪኮችና ስለ ሮማውያን የሚያወሩት ሁለቱ ቅጾች ይቅደሙ አለ። እነሱ በ1984 ወጡ፤ እሱም በዚያው ዓመት ጁን 25 ቀን በ57 ዓመቱ አረፈ። አራተኛው ቅጽ እርማቱ ሳያልቅ ቀረ። ከሞትኩ በኋላ ምንም እንዳይታተም ብሎም ስለነበር መጽሐፉ ለንባብ የበቃው በ2018 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት «ፉኮ ስለ ክርስትና እንዲህ ይላል» እየተባለ የተጻፈው ብዙ ነገር ከቁርጥራጭ ንግግሮችና ከአጫጭር ጽሑፎች የተቀዳ ነው። ቪዲዮውም ከዚያ የተጨለፈ ይመስለኛል።

መጽሐፉ ሲከፈት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የቪዲዮውን አባባል ያፈርሰዋል። ወሲብን በጋብቻ መወሰን፣ ዓላማውን ልጅ መውለድ ማድረግ፣ ደስታን ለራሱ ሲባል አለመፈለግ፣ ባልና ሚስት ተከባብረው መኖር፤ ይህን ሁሉ ቀድመው ያስተማሩት ክርስቲያን ያልሆኑ ፈላስፎች ናቸው ይላል። እውነቱን ነው። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ያስተማረውን ሙሶኒየስ ሩፉስን ይውሰዱ። ጳውሎስ በአቴና ካገኛቸው ከኢስጦኢኮች ወገን ነው። ከጋብቻ ውጭና ለልጅ ካልሆነ በቀር ሩካቤ ትክክል አይደለም ይላል። ጌታው ከገዛ አገልጋዩ ጋር ቢተኛ ምን ችግር አለው ለሚሉት ደግሞ፣ ሚስትህ ከወንድ አገልጋይዋ ጋር ብትተኛስ ምን ትላለህ ብሎ ይመልሳል። ክርስቲያኑ መምህር የእስክንድርያው ቀለሜንጦስ ስለ ጋብቻ ሲጽፍ ከዚህ ሰው ብዙ ወስዷል። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ፈላስፋ ፕሎቲኖስ ደግሞ ጭራሽ በሥጋ ውስጥ መኖሩን የሚያፍርበት ይመስል ነበር ብሎ ደቀ መዝሙሩ ጽፎለታል። እሱም ክርስቲያን አልነበረም።

«ነጻ ነበሩ» የሚለው ላይም ትንሽ እንቁም። ነጻ የነበረው ማን ነው? ባለጌ ላለመባል ራሱን እየገዛ የፈለገውን የሚያደርግ ጨዋ (ባሪያ ያልሆነ) ወንድ። ባሪያይቱ ነጻ አልነበረችም፤ ሰውነቷ የጌታው ንብረት ነው። ካይል ሃርፐር የተባለው የታሪክ ምሁር በ2013 ባወጣው መጽሐፍ ትኩረቱን እዚህ ላይ አድርጓል። የሮም የወሲብ ሥርዓት የቆመው በባርነትና በሴተኛ አዳሪዎች ላይ ነበር። በ428 ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ልጁን ወይም ባሪያውን አስገድዶ ለዝሙት የሚያሰማራ አባትና ጌታ በእነሱ ላይ ያለውን ሥልጣን እንዲያጣ ሕግ አወጣ። የፉኮ መጽሐፍ ይህን ወገን ብዙም አያየውም። ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ሕጉ ያው ከሆነ ምን ተለወጠ? የፉኮ መልስ እዚህ ይጀምራል፤ ጎበዝ የሚሆነውም እዚህ ነው። የተለወጠው ሰው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው ይላል። ፈላስፋው ምን አደረግሁ፣ መጠኑን አለፍኩ ወይ፣ ራሴን ገዛሁ ወይ ይላል። መነኩሴው ደግሞ ገና ምንም ሳያደርግ፣ አሁን ልቤ ውስጥ ብልጭ ያለው ሐሳብ ከየት መጣ ይላል። ከእኔ ነው? ከእግዚአብሔር ነው? ከጠላት ነው?

ለዚህ የፉኮ ዋና ምስክር ዮሐንስ ካሲያን ነው። ካሲያን በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅ ገብቶ ከአስቄጥስ መነኮሳት ጋር ዓመታት ኖረ። በኋላ ማርሴይ ላይ ገዳም መሥርቶ ከአበው የሰማውን በላቲን ጻፈ። አባ ሙሴ የነገሩትን አንድ ታሪክ ልንገርዎ። ሰራፒዮን የሚባል መነኩሴ ልጅ ሳለ ከአባ ቴዎናስ ጋር ይኖር ነበር። በየዕለቱ ከማዕድ ሲነሱ አንዲት ደረቅ ዳቦ ደረቱ ውስጥ ይሸሽግና ማታ ተደብቆ ይበላታል። በበላ ቁጥር ይጸጸታል፤ በማግሥቱም ይደግመዋል። አንድ ቀን እንግዶች መጥተው አባ ቴዎናስ ስለ ሆዳምነትና ስለ ተሰወረ ሐሳብ ማስተማር ጀመሩ። ልጁ የተነቃበት መሰለው። አለቀሰ፤ ዳቦዋን ከጉያው አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ሁሉንም ተናገረ። አባ ቴዎናስ «አይዞህ ልጄ፣ እኔ ገና ምንም ሳልልህ መናገርህ ነጻ አወጣህ» አሉት። ወዲያው እንደ መብራት ያለ ነበልባል ከልጁ ደረት ወጥቶ ቤቱን በድኝ ሽታ ሞላው።

ዳቦ መሆኑን ልብ ይበሉ። ወሲብ አይደለም። ፉኮን የሳበውም ይህ ነው። ልጁን የፈወሰው ቅጣትም ምክርም አይደለም፤ የተሰወረውን ወደ አፍ ማምጣቱ ብቻ ነው። ካሲያን ለመናገር የሚያሳፍርህ ሐሳብ ከጠላት ለመሆኑ ማፈርህ ራሱ ምልክት ነው ይላል። ወደ ንጽሕና ሲመጣም እንደዚያው ነው። የንጽሕናን ስድስት ደረጃዎች ሲዘረዝር ከሰው ጋር የሚፈጸም ድርጊት ከነጭራሹ የለም። መጀመሪያው ደረጃ ነቅቶ ሳለ በሥጋ ውጊያ አለመውደቅ ነው፤ የመጨረሻው በእንቅልፍ እንኳ በሴት ምስል አለመታለል ነው። ሌላ ሰው ከሥዕሉ ወጥቷል። የቀረው መነኩሴውና ሐሳቡ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህን ከንስሐ አባትዎ ጋር ከሚያደርጉት ኑዛዜ ጋር አያምታቱት። የበረሃው ልማድ ደቀ መዝሙር ለሽማግሌው በየዕለቱ ሐሳቡን የሚገልጥበት ነው። ሽማግሌው ካህን መሆን የለበትም፤ የሚነገረውም የተፈጸመ ኃጢአት ብቻ አይደለም። በከተማ የነበረው ንስሐ ደግሞ ሌላ ነበር። ፋቢዮላ የተባለች ሮማዊት ባላባት በሕግ ያገባችው ባሏ በሕይወት እያለ ሌላ አግብታ ነበር። ሁለተኛው ባሏ ሲሞት ማቅ ለብሳ፣ ጸጉሯን በትና፣ እያለቀሰች ከንስሐ ገቢዎች ጋር በሕዝብ ፊት ቆመች። በዘመኑ የነበረው የላቲን አባት ጀሮም ነው የጻፈልን። እሷ ኃጢአተኛነቷን አሳየች እንጂ ሐሳቧን በዝርዝር አልተረከችም። እያንዳንዱ ምእመን በዓመት አንዴ ለካህን ይናዘዝ የሚለው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ድንጋጌ የመጣው በ1215 ነው። ስለዚህ ከግብፅ በረሃ ተነስቶ በሮም በኩል እስከ ሥነ ልቦና ሐኪም ሶፋ ድረስ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሰምርልዎን ሰው ጠርጥሩት።

አሁን በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ጳጳስ ወደነበረው ወደ አውግስጢኖስ። ሁሉም ጣቱን ይቀስርበታል፤ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። «የእግዚአብሔር ከተማ» በሚለው ሥራው 14ኛ መጽሐፍ ላይ እንግዳ ጥያቄ ያነሳል። አዳምና ሔዋን ባይበድሉ ኖሮ በገነት ሩካቤ ይኖር ነበር? ታላላቆቹ የግሪክ አባቶች አይኖርም ወደ ማለት ያዘነብላሉ። የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ሰው መላእክት በበዙበት መንገድ ይበዛ ነበር ይላል። ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ ድንግልና ሲጽፍ ጋብቻን ያየው ከውድቀት በኋላ እንደ መጣ ነገር ነው። አውግስጢኖስ ራሱ መጀመሪያ ላይ «ብዙ፣ ተባዙ» የሚለውን በመንፈሳዊ ፍቺ ነበር የሚወስደው። በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠና አዎ፣ ይኖር ነበር አለ። እውነተኛ ሥጋ፣ እውነተኛ ወንድና ሴት፣ እውነተኛ ልጅ። ወሲብን አቆሸሸ የሚባለው ሰው ወሲብን ገነት ውስጥ አስገብቶታል።

እሱን ያስጨነቀው ሌላ ነው። እጅህን ተነሳ ስትለው ይነሳል፤ ብልት ግን አይታዘዝም። ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሲፈልጉት ደግሞ ይከዳል። ሰው ለፈጣሪው አልታዘዝም አለ፤ ከዚያ የገዛ ሥጋው ለእሱ አልታዘዝ አለው። አዳምና ሔዋን የበለስ ቅጠል ያገለደሙት ለዚህ ነው ይላል፤ የሸፈኑት ያመፀባቸውን ነው። በገነት ቢሆን ግን ገበሬ እጁን አዝዞ ዘር እንደሚዘራ፣ ብልትም ፈቃድን ይከተል ነበር። ይህ የማይታመን ነገር አይደለም ለማለት ያመጣቸው ማስረጃዎች ያስቃሉ። አንዱን ጆሮ ለብቻ፣ ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች አሉ ይላል። ሲፈልግ የሚያልበው አለ። ከኋላው በሚወጣ ነፋስ ያለ ምንም ሽታ ዜማ የሚያወጣም አለ። በሰሜን አፍሪካ ካላማ አካባቢ ሬስቲቱቶስ የሚባል ቄስ ደግሞ በፈለገ ጊዜ ራሱን እንደ በድን ያደርጋል፤ ቢቆነጥጡት፣ በእሳት እንኳ ቢነኩት አይሰማውም። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ጳጳስ ይህን ሁሉ የሚዘረዝረው በጣም ከምር ነው። ሥጋ ዛሬም ቢሆን ለአንዳንዶች ከምናስበው በላይ ይታዘዛል፤ እንግዲያው አለመታዘዙ የሥጋ ተፈጥሮ ሳይሆን የደረሰበት ነገር ነው ማለቱ ነው።

ፉኮ ከዚህ የሚያነበው ትልቅ ለውጥ አለ። በግሪኮች ዘንድ የወሲብ ጥያቄ በሰዎች መካከል ነበር። ማን ከማን ጋር፣ ማን የበላይ ሆኖ፣ በምን መጠን። በአውግስጢኖስ ዘንድ ጥያቄው ሰው ከራሱ ፈቃድ ጋር ያለው ግንኙነት ሆነ። የአውግስጢኖስ ተከራካሪ በጣሊያን የኤክላኑም ጳጳስ የነበረው ዩልያኖስ ነበር፤ የጳጳስ ልጅ፣ ራሱም ያገባ። ዩልያኖስ ምኞት የተፈጥሮ ነው፤ ኃጢአቱ ከልክ ማለፉ ነው ይላል። አውግስጢኖስ ነገሩ የልክ ጉዳይ አይደለም፤ ፈቃድ ራሱ ለሁለት ተሰንጥቋል ይላል። በ430 ሲሞት ለዩልያኖስ የሚጽፈው የመጨረሻ መልስ ገና አላለቀም ነበር።

የእርስዎ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ያለው ደግሞ በዚሁ ክርክር ውስጥ ነው። በአውግስጢኖስ ትምህርት ከጥምቀት በኋላ ምኞቱ ይቀራል፣ በደሉ ግን ይሰረዛል። ውስጥዎ የተነሳ እንቅስቃሴ በራሱ አዲስ ኃጢአት ሆኖ አይቆጠርብዎትም። የሚቆጠረው ፈቃድዎ እሺ ሲለው ነው። በጋብቻ ውስጥ ደግሞ ባልና ሚስት ይህን የቆሰለ ምኞት ለበጎ ይጠቀሙበታል፤ የጋብቻ በጎነቶች ብሎ የቆጠራቸውም ልጅ፣ ታማኝነትና የማይፈታው ቅዱስ ኪዳን ናቸው። ፉኮ እዚህ ላይ ነው እጁን የሚያነሳው። የሚመኘው ሰውና በሕግ ፊት ተጠያቂ የሆነው ሰው አንድ ላይ ተሰፉ ይላል። የኋለኛው ዘመን የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ባልና ሚስት አልጋ ላይ ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም እያለ ዝርዝር ሕግ ማውጣት የቻለበት በር ይህ ነው።

ብዙ ሰው የሚያጠፋው ካሲያንንና አውግስጢኖስን አንድ አድርጎ ነው። አንዱ ሐሳብን የመግለጥ ጥበብ ነው፤ የገዳም ነው። ሌላው ስለ ፈቃድና ስለ ውድቀት የሚናገር ትምህርት ነው፤ ያገቡትንም ይመለከታል። ሁለቱም «ክርስትና ምኞትን ጠላ» በሚል አንድ ጆንያ ሲታጨቁ ሁለቱም አይገቡንም።

የፉኮ ንባብ ገደብም አለው። መጽሐፉ አላለቀም፤ አንዳንዱ ክፍል የሌላ ሰው ጽሑፍ ማጠቃለያ ይመስላል። የሚያነበው በግሪክና በላቲን የጻፉትን ነው፤ የሶርያው ዓለም፣ እነ ቅዱስ ኤፍሬም፣ የሉም ማለት ይቻላል። ሴቶች ይጻፍላቸዋል እንጂ አይናገሩም። ለምሳሌ አውግስጢኖስ ልጅ የወለደችለትን፣ ዓመታት አብራው የኖረችውን ሴት በሚላን ሲያሰናብታት ልቤ ቆሰለ ይላል። ሌላ ወንድ አላውቅም ብላ ተስላ ወደ አፍሪካ ተመለሰች፤ ልጁ እሱ ዘንድ ቀረ። ስሟን እንኳ አልጻፈልንም። ከሁሉ በላይ ግን ፉኮ እንዴት እንደተለወጠ ይነግረናል እንጂ ለምን የሚለውን ብዙ አያስረዳም። ለዚህ የፉኮ ወዳጅ የነበረው የታሪክ ምሁር ፒተር ብራውን ይሻላል። በ1988 ባሳተመው መጽሐፉ ከሕይወት ነው የሚነሳው። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን በሮም ግዛት የሰው አማካይ ዕድሜ ከ25 ዓመት በታች ነበር፤ ሕዝቡ ቁጥሩ እንዳይቀንስ ብቻ አንዲት ሴት በአማካይ አምስት ልጅ መውለድ ነበረባት። እንዲህ ባለ ከተማ እንደ ቅድስት ቴክላ አንዲት ወጣት «አላገባም» ስትል ሰውነቴን ለከተማው አልሰጥም ማለቷ ነው። ድንግልና ያኔ አስደንጋጭ ነጻነት ነበር። ይህ ሳይገባን ስለ ጥንት ክርስትና «ወሲብ ጠል» ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ተዋሕዶ ነኝ ስላሉኝ፦ አውግስጢኖስ የምዕራብ አባት ነው፤ የእኛ የአብነት ትምህርት በእሱ ላይ አልቆመም። ምኞትን ከአዳም ኃጢአት መተላለፍ ጋር ያያዘበት መንገድ በምሥራቅና በኦሬንታል አብያተ ክርስቲያናት ያን ያህል ቦታ አልያዘም። የበረሃውን ወገን ግን በደንብ እናውቀዋለን፤ የአስቄጥስ አበው ነገር በግዕዝ የገዳም መጻሕፍት ውስጥ አለ። ስለዚህ ፉኮ ስለ «ክርስትና» ሲናገር በአብዛኛው የምዕራቡን መንገድ እያሰበ ነው። ያ ሁሉ የእርስዎ ቤት ታሪክ አይደለም። ጋብቻን የሚንቁትን በአራተኛው ክፍለ ዘመን የጋንግራ ጉባኤ እንዳወገዛቸውም ይያዙልኝ፤ ሚስት ካለው ቄስ አልቆርብም የሚለውን ሁሉ ጭምር።

የእጮኛዎ ምክር ግማሹ ልክ ነው። ፉኮ እንዴት እንደምትኖሩ አይነግራችሁም፤ ሊነግራችሁም አልፈለገም። ከሠርግ በፊት የሚያስጨንቅዎ የራስዎ ሰውነት ወይም ያለፈ ነገር ከሆነ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ የደረሰብዎ ጉዳት ካለ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። እነዚህን በፍልስፍና ቪዲዮ ለመፍታት አይሞክሩ።

የንባብ ምክሬ ግን ቁርጥ ያለ ነው። ከፉኮ አይጀምሩ። መጀመሪያ «የእግዚአብሔር ከተማ» 14ኛውን መጽሐፍ ከምዕራፍ 16 እስከ 26 ያንብቡ፤ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ በአንድ ምሽት ያልቃሉ። ቀጥሎ ካሲያን ከአበው የሰማውን ከጻፈበት «ጉባኤያት» ከሚለው መጽሐፍ የአባ ሙሴን ሁለቱን። ከዚያ የፒተር ብራውንን መግቢያ። ፉኮን በመጨረሻ ይክፈቱት፤ ያኔ የት ላይ እንደተካነ፣ የት ላይ እንደዘለለ በራስዎ ያዩታል። ከእጮኛዎ ጋር ደግሞ ዮሐንስ አፈወርቅ በቆላስይስ መልእክት ላይ የሰበከውን 12ኛውን ስብከት ያንብቡ። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ስለሚሆኑበት ሲናገር አድማጮቹ አፈሩ። እሱም ንጹሕ በሆነው ነገር ስለ ምን ታፍራላችሁ ብሎ ገሠጻቸው።